ከአሞሌ ጨው እስከ ግድብ ቦንድ፦ የገንዘብና የባንክ ጉዞ በኢትዮጵያ

አንድ ድልድይ በወንዝ ላይ ከመቆሙ በፊት በሒሳብ መዝገብ ላይ መቆም አለበት። ለሲሚንቶ፣ ለብረትና ለሠራተኛ ደመወዝ የሚወጣው ገንዘብ ድልድዩ ለማንም አገልግሎት ከመስጠቱ በፊት ለዓመታት የሚከፈል ነው። ይህን ወጪ የሚሸፍን ወገን አስቀድሞ ያጠራቀመ፣ ወይም ካጠራቀመ ሌላ ሰው የተበደረ መሆን ይኖርበታል። ስለዚህ የመሐንዲስ ሥራ ከገንዘብ፣ ከባንክና ከመዋዕለ ንዋይ ታሪክ ተለይቶ ሊታይ አይችልም። በኢትዮጵያ ይህ ታሪክ ሲመረመር ደጋግሞ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ እርሱም ሕዝቡ ያፈራውን ሀብት ለማን አምኖ ያስቀምጥ? የሚለው ነው።

ገንዘብ ሦስት ተግባራት እንዳሉት ይታወቃል። መገበያያ ነው፣ የዋጋ መለኪያ ነው፣ የሀብት ማቆያም ነው። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ እስከ 7ኛው ምዕተ ዓመት ድረስ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ሳንቲም ያሳትሙ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አገሪቱ የራሷን ገንዘብ ሳታወጣ ከሺህ ዓመት በላይ ኖራለች። በእነዚህ ዘመናት ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቈርጦ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋው የሚወጣው አሞሌ ጨው ዋናው የገበያ መመንዘሪያ ሆኖ አገልግሏል። አሞሌው ከጨው ሜዳው በራቀ መጠን ዋጋው ከፍ ይል ነበር፤ ይህም የጭነቱ ድካም በዋጋው ላይ ስለሚጨመር ነው። ይሁን እንጂ እርጥበት የሚያሟሟው፣ ሲወድቅ የሚሰበር ነገር ለዕለት ገበያ እንጂ ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ሀብት ሊሆን አልቻለም።

ይህን ክፍተት የሞላው ጠገራ ብር ተብሎ የሚጠራው የማርያ ቴሬዛ ብር ነበር። የኦስትሪያዋ ንግሥት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1780 ከሞተች በኋላም ሳንቲሙ ያንኑ ዓመተ ምሕረት እንደያዘ መታተሙን ቀጠለ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 23.4 ግራም የሚሆነው ንጹሕ ብር ነው። ገበሬውና ነጋዴው ሳንቲሙን የሚቀበሉት መልኩን መርምረው፣ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ፈርጦች ቈጥረው ነበር። እምነታቸው ያረፈው በማንም መንግሥት ቃል ላይ ሳይሆን በእጃቸው በሚመዝኑት ማዕድን ላይ ነበር።

ይህ እምነት ግን ውድ ዋጋ ነበረው። 1,000 ጠገራ ብር 28 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ከፍ ያለ ክፍያ ለመፈጸም የጭነት ከብትና ጠባቂ ያስፈልግ ነበር ማለት ነው። የብር ዋጋ በዓለም ገበያ ከፍና ዝቅ ባለ ቍጥርም የኢትዮጵያ ነጋዴ ምንም ሥልጣን በሌለው ጉዳይ ይጠቀም ወይም ይጎዳ ነበር። ከሁሉም በላይ በየቤቱ በማሰሮ ተቀብሮ የሚቆይ ብር ለባለቤቱ ዋስትና ቢሆንም ለሌላ ሰው ሥራ አይውልም። እቁብ ይህን ችግር በጎረቤት ደረጃ ሲያቃልል ኖሯል። ሆኖም እቁብ በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል በጥቂት ወራት ተዘዋውሮ የሚያልቅ በመሆኑ፣ ሃያና ሠላሳ ዓመት ለሚፈጅ የመዋዕለ ንዋይ ሥራ የሚሆን አልነበረም።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የተቀረጸበትን የራሳቸውን ብር በፓሪስ ሲያሳትሙ ክብደቱን ከማርያ ቴሬዛ ብር ጋር እኩል አደረጉት። አላድ፣ ሩብና ግርሽም አብረው ወጡ። ዓላማው የንጉሡን መልክና የአገሪቱን ነጻነት በየገበያው ማድረስ ነበር። ነገር ግን ሕዝቡ ለብዙ ትውልድ የለመደውን ፊት በአንድ አዋጅ አልተወም። ከከተሞች ራቅ ባለው አገር የማርያ ቴሬዛ ብርና አሞሌ ሥራቸውን ቀጠሉ።

በ1897 ዓ.ም. ምኒልክ ከግብጽ ብሔራዊ ባንክ ወኪል ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት የአቢሲንያ ባንክ ተቋቋመ፤ በየካቲት ወር 1898 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ካፒታሉ 500,000 ፓውንድ ስተርሊንግ እንዲሆን ተወሰነ። ውሉ ለ50 ዓመት የሚጸና ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሌላ ባንክ እንዳይቋቋም መንግሥት ግዴታ ገባ። የወረቀት ገንዘብ የማውጣት መብትም ለዚሁ ባንክ ተሰጠ። ይህ መብት ቀላል አይደለም። የወረቀት ገንዘብ የሚያወጣ ባንክ ከሕዝብ እጅ ብር ተቀብሎ በምትኩ የመክፈል ተስፋ ይሰጣል። ባለ ወረቀቶቹ ሁሉ በአንድ ቀን መጥተው ብራቸውን ስለማይጠይቁ፣ ባንኩ ከፊሉን ለመጠባበቂያ አስቀምጦ የቀረውን በወለድ ያበድራል። በዚህ መንገድ በማሰሮ ተቀብሮ የነበረው ብር ወደ መጋዘን፣ ወደ ወፍጮና ወደ መንገድ ሊለወጥ ይችላል።

የአቢሲንያ ባንክ ወረቀቶች በ1907 ዓ.ም. ወጡ። ባንኩም በሐረር፣ በድሬዳዋ፣ በደሴና በጎሬ ቅርንጫፎች ከፈተ። ሆኖም ደንበኞቹ በአብዛኛው የውጭ አገር ነጋዴዎችና መንግሥቱ ራሱ ነበሩ፤ ከኢትዮጵያውያን የሚሰበሰበው ተቀማጭ ገንዘብ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በዓድዋ ነጻነቷን በጦር ያረጋገጠች አገር፣ የገንዘቧ አመራር በካይሮ ባለ አንድ ባንክ እጅ መሆኑም ቅሬታ አስከተለ።

በዚህ ምክንያት መንግሥት በ1923 ዓ.ም. ውሉ ጊዜው ሳይደርስ እንዲፈርስ ተደራደረ። 40,000 ፓውንድ ካሣ ተከፍሎ የአቢሲንያ ባንክ ተዘጋ፤ ነሐሴ 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በወጣ አዋጅም በ750,000 ፓውንድ ካፒታል የኢትዮጵያ ባንክ ተመሠረተ። ከአክሲዮኑ 60 በመቶ የመንግሥት ሆነ። የቀድሞው ባንክ ቢሮዎችና ሠራተኞች፣ ሥራ አስኪያጁም ጭምር፣ ባሉበት ቀጠሉ። አዲሱ ባንክ ግን አምስት ዓመት ሳይሞላው የኢጣልያ ወረራ ሥራውን አቋረጠው። ወራሪው ጠገራ ብርን በሊሬ ለመተካት ቢጥርም ሕዝቡ ብሩን መደበቁን አልተወም። በጭንቅ ጊዜ ማዕድን ከወረቀት እንደሚበልጥ የቀድሞ ጥርጣሬው እንደ ገና ተረጋገጠለት።

ከነጻነት በኋላ በገበያው ላይ ጠገራ ብር፣ ሊሬና የምሥራቅ አፍሪካ ሺሊንግ ጎን ለጎን ይሠራባቸው ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 1935 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በሁለት ቅርንጫፎችና በ43 ሠራተኞች ሥራ ጀመረ። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ወጣ፤ አንዱ ብር በሁለት ሺሊንግ ሒሳብ ተመነዘረ። የከተማ ሰው ሃምሳ ሳንቲሙን እስከ ዛሬ «ሽልንግ» ብሎ መጥራቱ የዚያ ምንዛሪ ትዝታ ነው።

አዲሱ ገንዘብ የተሳካበት ምክንያት የሕዝቡን ልማድ ስላልናቀ ነው። ትንንሾቹ ሳንቲሞች ከመዳብ ሲሠሩ፣ ሃምሳ ሳንቲሙ ከብር ተሠራ፤ ለዚህም ከአሜሪካ በብድር 5.4 ሚሊዮን አውንስ ያህል ብር ተገኘ። ወረቀቱን የሚጠራጠር ሰው በምትኩ ብር ሊያገኝ እንደሚችል በዓይኑ እያየ ቀስ በቀስ ወረቀቱን ለመደ። ሃያ አምስት ሳንቲሙ በመጠኑ ከሃምሳው ጋር ይመሳሰል ስለነበር፣ እንዳያሳስት ጠርዙ በኋላ ሞገድ መሰል ሆኖ ተቈረጠ። የገንዘብ እምነት እንደዚህ ባሉ ጥቃቅን ጥንቃቄዎች ጭምር የሚገነባ ነው።

መገበያያው ከጸና በኋላ የመዋዕለ ንዋይ ጥያቄ ተከተለ። የአገሪቱ ቁጠባ ለታላላቅ ሥራዎች ገና ስላልበቃ መነሻው ከውጭ መጣ። በመስከረም 1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለአውራ ጎዳናዎች 5 ሚሊዮን፣ ለልማት ባንክ ደግሞ 2 ሚሊዮን ዶላር አበደረ። በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 43 ሜጋ ዋት ያህል የሚያመነጨው የቆቃ ግድብ የተሠራው ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ ነበር። መንግሥት ባንኩ በ1955 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ሆኖ ተከፈለ፤ ገንዘብ የሚያወጣውና የሚያበድረው ተለያዩ። የግል ባንኮች ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ተወረሱ፤ በ1986 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ደግሞ ለኢትዮጵያውያን ባለ ሀብቶች በሩ ዳግመኛ ተከፈተ።

በ2003 ዓ.ም. የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሲጀመር ሒሳቡ ከቆቃ የተለየ ነበር። ወጪው ከመንግሥት በጀት፣ ከአገር ውስጥ ባንክ ብድር፣ በአገር ውስጥና በውጭ የሚኖሩ ዜጎች ከገዙት ቦንድም ተሸፈነ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ይህም ከቆቃ መቶ እጥፍ በላይ ነው። ቦንድ የገዛው የቀን ሠራተኛና አስተማሪ፣ አያቱ በማሰሮ የቀበረውን ብር እርሱ አውጥቶ ለግንብ አውሏል።

ነገር ግን ያ እምነት በነጻ የሚገኝ አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የዋጋ ንረት በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ሲሆን፣ ለቁጠባ የተወሰነው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር። ዋጋ በ30 በመቶ በሚጨምርበት ዓመት 100 ብር ያስቀመጠ ሰው 107 ብር ይረከባል፤ በ100 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን 130 ብር ይጠይቀዋል። እንዲህ ያለው ቆጣቢ ገንዘቡን በሲሚንቶ፣ በመሬት ወይም በወርቅ መልክ ቢደብቅ የአያቱን ጥበብ መከተሉ ነው። አንድ መሐንዲስ የመሠረቱን አፈር ሳይመረምር ምሰሶ እንደማያቆም ሁሉ፣ ለታላቅ ሥራ ገንዘብ የሚሰበስብ ወገንም በቅድሚያ የቆጣቢው ብር ዋጋውን ይዞ የሚመለስበትን መንገድ መመርመር ይገባዋል። የሚቀጥለው ግድብ የሚሠራው ከዚሁ ቆጣቢ በሚገኝ ገንዘብ ነውና።