ከርነልን ወደ ቀድሞ ስሪት መመለስ
ከርነልን ወደ ቀድሞ ስሪት መመለስ ማለት ኮምፒዩተር ከዝመና በኋላ አልነሳ ሲል ወይም ዋይፋዩ መሥራት ሲያቆም፣ ቀድሞ በደህና ይሠራ በነበረው ከርነል ማስነሳት ነው። ከርነል ፕሮግራሞችን ከፕሮሰሰር፣ ከሜሞሪና ከዲስክ ጋር የሚያገናኝ የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት ነው።

ኡቡንቱን በመሳሰሉ የሊነክስ ስርጭቶች አዲስ ከርነል ሲጫን የቀድሞው ወዲያው አይጠፋም። ኮምፒዩተሩ ሲነሳ ሺፍት ወይም ኢስኬፕ ቁልፍ ሲጫኑ የግረብ ዝርዝር ይከፈታል፤ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ከሚለው ውስጥ ቁጥሩ ዝቅ ያለው ስሪት ይመረጣል። አሮጌው ከርነል እዚያው ዲስኩ ላይ ስላለ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ሲስተሙን እንደገና መጫን ግን ብዙ ጊጋባይት ማውረድ ይጠይቃል፤ ከአዲስ አበባ 450 ኪ.ሜ. ያህል ርቃ በምትገኘው ቦንጋ ለሚማር ተማሪ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ምርጫው በተለምዶ ለአንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሠራ፣ ማስተካከያ እስኪወጣ በየማስነሻው መድገም ያስፈልጋል።

በዲሴምበር 2023 እ.ኤ.አ. በደቢያን 12 ከርነል 6.1.64 ላይ፣ ኢኤክስቲ4 በተባለው የፋይል ስርዓት የተቀመጠ መረጃን የሚያበላሽ ስህተት ተገኘ። የ12.3 እትም መጫኛ ፋይሎች እንዲዘገዩ ተደርጎ፣ የታረመውን ከርነል የያዘው 12.4 ዲሴምበር 10 ቀን ወጣ። እንዲህ ባለ ጊዜ ወደ ቀድሞው ከርነል መመለስ ተጨማሪ ጉዳትን ያስቆማል እንጂ የተበላሸውን ፋይል አይጠግንም።