የፒክአፕ መኪና የፍሬን ፔዳል መላላት

የፍሬን ፔዳል መላላት አሽከርካሪው ፍሬን ሲረግጥ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስበት፣ ወደ ወለሉ የሚጠጋበት ወይም ተረግጦ እንደተያዘ ቀስ በቀስ የሚሰምጥበት ብልሽት ነው። በዘይት ግፊት በሚሠራ ማንኛውም ፍሬን ላይ ሊከሰት ይችላል። ጭነት በሚበዛባቸው ፒክአፖች ላይ ግን አደጋው ይከፋል፤ በተለይም ከእንጦጦ ተራራ በጉለሌ በኩል ወደ ቁስቋምና ሽሮ ሜዳ እንደሚወርደው ባለ ቁልቁለት።

ፍሬን ሲረገጥ ማስተር ሲሊንደር የሚባለው ክፍል የፍሬን ዘይቱን በቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ጎማዎቹ ይገፋል። ዘይት ሲጫኑት ስለማይታመቅ የእግር ኃይል ሳይባክን ፍሬን ሸራው ጋ ይደርሳል። አየርና እንፋሎት ግን ይታመቃሉ፤ ቱቦው ውስጥ አረፋ ካለ የፔዳሉ ጉዞ አረፋውን በመጭመቅ ያልቃል።

ሙቀትና ቁልቁለት

ከነጭነቱ 2.5 ቶን የሚመዝን ፒክአፕ 400 ሜትር ወደ ታች ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 30 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። መኪናው በከባድ ማርሽ (1ኛ ወይም 2ኛ) ካልወረደ ይህ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው ዲስክና ታምቡሩ ላይ ነው። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መፍላት የለበትም፤ 3.7 ከመቶ ውሃ ሲቀላቀልበት ግን መለኪያው ወደ 140 ይወርዳል። ለዶት 4 ቁጥሮቹ 230 እና 155 ናቸው።

የዚህ ብልሽት ክፋቱ ማታለሉ ነው። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፣ ፔዳሉም ይጠነክራል። ጋራዥ ሲደርስ መካኒኩ የሚያገኘው ጉድለት የለም፤ ውሃ የጠጣው ዘይት ግን እዚያው አለ። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ ብቻ የሚላላ ፔዳል ሲያጋጥም በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የዘይቱ እድሜ ነው። በየሁለት ዓመቱ መቀየር የተለመደ ምክር ነው።

መንስኤውን መለየት

ሜዳ ላይም ቢሆን ሁልጊዜ የሚለሰልስ ፔዳል አየር መግባቱን ያመለክታል። ተረግጦ ሲያዝ የሚሰምጥ ከሆነ ዘይት እየፈሰሰ ነው፤ በጎማዎቹ ውስጠኛ ጎን፣ በቱቦዎቹና ከፔዳሉ በላይ እርጥበት ይፈለጋል። ምንም ካልፈሰሰና የማጠራቀሚያው መጠን ካልቀነሰ የማስተር ሲሊንደሩ የውስጥ ጎማዎች አልቀዋል ማለት ነው። ሁለት ሦስቴ ሲረገጥ ከፍ የሚል ፔዳል ብዙውን ጊዜ የኋላ ታምቡር ፍሬን ማስተካከያ እንደሚፈልግ ያሳያል። የጎደለውን በሞተር ዘይት መሙላት ከባድ ስህተት ነው፤ ጎማዎቹን አሳብጦ መላውን ሥርዓት ያበላሻል።

የደነደነ ፔዳል ሌላ ጉዳይ ነው። የፍሬን ማገዣው (ሰርቮው) የሚሠራው በአየር ግፊት ልዩነት ሲሆን፣ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። እንጦጦ ላይ ፔዳሉ ትንሽ ቢከብድ አያስደንቅም፤ ቢላላ ግን የከፍታው ጥፋት ብቻ አይደለም።

ፍሬን አልይዝ ሲል

ፔዳሉን በፍጥነት ደጋግሞ መርገጥ፣ ማርሽ አንድ በአንድ ወደ ከባድ ማውረድና የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያደረጉ መሳብ ይገባል። ሞተሩ አይጠፋም፤ ከጠፋ የፍሬንና የመሪ ማገዣው አብሮ ይጠፋል። መኪናው ከቆመ በኋላ ፔዳሉ ቢጠነክርም ጉዞው አይቀጥልም።

አየር ማስወጣት

ሥራው ከማስተር ሲሊንደሩ ከሚርቀው ጎማ ይጀምራል፤ መሪው በግራ በሆነ መኪና ይህ አብዛኛውን ጊዜ የኋላ ቀኙ ነው። በብዙ ፒክአፖች ከኋላ አክሰል አጠገብ የጭነቱን ክብደት ተከትሎ ግፊት የሚያስተካክል ቫልቭ አለ። እሱም የራሱ ማስወጫ ካለው ሳይከፈት ከታለፈ አየር እዚያ ተደብቆ ይቀራል፣ ፔዳሉም እንደላላ ይቆያል።