የምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ ዕውቅናና የመማር ግቦች፦ ከባሌ ሮቤ አንጻር

የምህንድስና ፕሮግራም ዕውቅና (አክሪዲቴሽን) አንድ የዲግሪ ትምህርት አስቀድሞ በተወሰነ መስፈርት መሠረት ከውጭ በመጡ ባለሙያዎች ተመርምሮ ብቁ ሆኖ ሲገኝ የሚሰጥ ማረጋገጫ ነው። የመማር ግቦች ደግሞ ተማሪው ትምህርቱን ሲጨርስ ምን ማወቅና ምን መሥራት እንደሚችል የሚገልጹ ዐረፍተ ነገሮች ናቸው። ሁለቱ ተነጣጥለው አይሄዱም፤ መርማሪው የሚመዝነው ፕሮግራሙ «ተመራቂዬ ይህን ይችላል» ሲል በጻፈውና በተጨባጭ ባስተማረው መካከል ያለውን ርቀት ነው።

በአገራችን በዚህ ቃል ላይ የሚፈጠረው ግራ መጋባት ብዙ ወላጆችንና ተማሪዎችን ለጉዳት ዳርጓል፤ ስለዚህ ቃሉን መለየት ይገባል። ለተቋም የሚሰጥ ፈቃድ ኮሌጁ በሕግ ተከፍቶ እንዲያስተምር የሚያስችል ነው። የፕሮግራም ዕውቅና ግን የሚመለከተው አንዱን ዲግሪ፣ ለምሳሌ ሲቪል ምህንድስናን ብቻ ነው። የባለሙያ ምዝገባ ደግሞ ለሰውየው የሚሰጥ ነው፤ በኮንስትራክሽን ዘርፍ ተመራቂው የሥራ ልምድ እያካበተ ከተመራቂ መሐንዲስነት ወደ ፕሮፌሽናል መሐንዲስነት የሚያድግበት መንገድ ይህ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም። ፈቃድ ያለው ኮሌጅ ውስጥ ዕውቅና የሌለው ትምህርት ሊኖር ይችላል።

የምህንድስና ዕውቅና በዘመናዊ መልኩ የተደራጀው በአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 የተመሠረተው የመሐንዲሶች የሙያ ልማት ምክር ቤት በ1936 የመጀመሪያዎቹን የዲግሪ ፕሮግራሞች መርምሯል፤ በ1980 ስሙን ቀይሮ ዛሬ ኤቤት ተብሎ የሚታወቀው ድርጅት ሆነ። ለረጅም ጊዜ መርማሪዎቹ የሚቆጥሩት የትምህርት ሰዓት፣ የመምህራን ዲግሪ፣ የላብራቶሪ ዕቃና የመጻሕፍት ብዛት ነበር። በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ በጸደቀው አዲስ መስፈርት ግን ጥያቄው ተገለበጠ። «ምን አስተማራችሁ?» የሚለው ቀርቶ «ተማሪዎቻችሁ ምን መሥራት ቻሉ? ማስረጃችሁስ የታለ?» የሚለው ዋናው ሆነ። መጀመሪያ አሥራ አንድ የነበሩት የተማሪ ውጤቶች በኋላ ወደ ሰባት ተጠቃለዋል።

የአገሮችን ዕውቅና እርስ በርስ ለማቀባበል እ.ኤ.አ. በ1989 የዋሽንግተን ስምምነት በስድስት አገሮች ተፈረመ፤ አውስትራሊያ፣ ካናዳ፣ አየርላንድ፣ ኒውዚላንድ፣ ብሪታንያና አሜሪካ ነበሩ። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ በ1999 ተቀላቀለች። በ2021 ታድሶ የወጣው የስምምነቱ የተመራቂ መገለጫ አሥራ አንድ ነጥቦች አሉት፤ ከሒሳብና ከሳይንስ ዕውቀት፣ ከችግር ትንተናና ከንድፍ ሥራ ጀምሮ እስከ ሥነ ምግባር፣ የቡድን ሥራና ዕድሜ ልክ መማር ይደርሳሉ። ኢትዮጵያ የስምምነቱ ፈራሚ አይደለችም። ስለዚህ የኢትዮጵያ ዲግሪ ይዞ ወደነዚህ አገሮች የሚሄድ መሐንዲስ በስምምነቱ የሚከፈትለት በር የለም፤ ማስረጃው በየአገሩ ለብቻው ይገመገማል።

በኢትዮጵያ የምህንድስና ትምህርት የተጀመረው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1940ዎቹ በአዲስ አበባ ሲሆን፣ በ1950ዎቹ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የአርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ተከተሉ። ጥራትን የሚከታተል ራሱን የቻለ አካል የመጣው ግን በአዋጅ ቁጥር 351/1995 ነው። በዚህ አዋጅ የተቋቋመው የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ በአዋጅ ቁጥር 650/2001ና በአዋጅ ቁጥር 1152/2011 ዘመን አልፎ ዛሬ ሥራው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን እጅ ይገኛል። በአሠራሩ ውስጥ ለረጅም ዓመታት አንድ መዛባት ነበረ። የግል ኮሌጅ አንድ ፕሮግራም ከመክፈቱ በፊት የዕውቅና ፈቃድ ማግኘት ግዴታው ሲሆን፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ግን በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ከተቋቋመ በኋላ የሚደረግለት በተቋም ደረጃ የጥራት ኦዲት ብቻ ነበር። የመንግሥት ስለሆነ ብቻ ጥራት አለው ብሎ መነሳት ስህተት ነበር። አብዛኛው የአገሪቱ መሐንዲስ የሚወጣው ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነውና ጥብቅ የሆነው ምርመራ መጀመር የነበረበት ከዚያው ነው።

ይህ ክፍተት የከፋ ትርጉም ያገኘው ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የሰባ ሠላሳ ፖሊሲ ከተማሪዎች 70 በመቶውን ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ መራ፤ በዚህ ውስጥ ከጠቅላላው ተማሪ 40 በመቶው ወደ ምህንድስናና ቴክኖሎጂ ብቻ የሚሄድ ነበር። አዳዲሶቹ ዩኒቨርሲቲዎች የመማሪያ ሕንጻቸው ሳይደርቅ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ የምህንድስና ተማሪዎችን ተቀበሉ። በጀርመን መንግሥት ድጋፍ ይካሄድ የነበረው የምህንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም ሥርዓተ ትምህርቱን ለማሻሻልና ተማሪዎች በኢንዱስትሪ ኢንተርንሽፕ እንዲወጡ ለማድረግ ብዙ ጥሯል፤ ዛሬ በአምስቱ ዓመት ትምህርት ውስጥ ያለው የኢንተርንሽፕ ሴሚስተር ከዚያ ዘመን የቀረ መልካም ነገር ነው።

ከእነዚያ አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዋናው ግቢ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በሮቤ ከተማ ነው፤ የጤና ትምህርቱና ሪፈራል ሆስፒታሉ ያሉት ጥቂት ኪሎ ሜትሮች አለፍ ብሎ በጎባ ነው፤ በሻሸመኔም ግቢ አለው። ስሙን የወሰደው በኦሮሞ የገዳ ታሪክ ከሚታወቀው ከመዳ ወላቡ ነው።

ለምህንድስና ተማሪ የባሌ ደጋ ራሱ ሰፊ ላብራቶሪ ነው። ከሮቤ በስተ ምዕራብ በዋቤ ሸበሌ ላይ 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የመልካ ዋከና ግድብ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ይሠራል። በስተ ደቡብ በባሌና በጉጂ መካከል በገናሌ ወንዝ ላይ የተሠራውና በ2012 ዓ.ም. የተመረቀው ገናሌ ዳዋ ሦስት ግድብ 110 ሜትር ከፍታና 254 ሜጋ ዋት አቅም አለው። በመካከሉ የሲናና ወረዳ የስንዴ ማሳ፣ ከማሳው ሥር ደግሞ መረሬ አፈር አለ።

የመማር ግብ ማለት ምን እንደሆነ በዚህ አፈር ላይ ማየት ይቻላል። ጥቁሩ መረሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። የሲናና ደጋ በልግም መኸርም የሚያበቅል በመሆኑ አፈሩ በየዓመቱ ደጋግሞ ይረጥባል፣ ደጋግሞ ይደርቃል፤ በላዩ የተነጠፈ አስፋልትና የቆመ ግድግዳ ጥንቃቄ ካላገኘ አብሮት ይነሳል፣ አብሮት ይሰነጠቃል። አንድ ኮርስ «ተማሪው ስለሚያብጥ አፈር ይረዳል» ብሎ ቢጽፍ ያንን ማንም ሊለካው አይችልም። «ተማሪው የአፈር ናሙና ወስዶ ሊኩዊድ ሊሚቱንና ፕላስቲክ ሊሚቱን ይለካል፣ ከውጤቱ ተነሥቶ መሠረት ይነድፋል፣ ምርጫውን በጽሑፍ ያስረዳል» ቢል ግን እያንዳንዱ ግስ ማስረጃ ይጠይቃል።

ማስረጃውም በዓይን የሚታይ ነው። ተማሪዋ የረጠበውን አፈር በመስታወት ላይ በእጇ መዳፍ እያንከባለለች 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክር ታደርገዋለች፤ ክሩ በዚያ ውፍረት ላይ መፈርፈር ሲጀምር በውስጡ ያለው እርጥበት ይመዘናል፤ ፕላስቲክ ሊሚት የሚባለው ያ ነው። ክሩ ቀጥኖ ካልተፈረፈረ አፈሩ ገና እርጥብ ነው፤ እንደገና ይድቦለቦላል። ሥራውን ያላየ ሰው ቀላል ይመስለዋል፤ የሠራው ግን እጅ እስኪለምድ ስንት ጊዜ እንደሚበላሽ ያውቃል። አንድ መስታወት ለአምሳ ተማሪ ከሆነ ሁለቱ ያንከባልላሉ፣ የቀሩት ቁጥሩን ይገለብጣሉ፤ ሁሉም ግን ሪፖርት ያስገባሉ። ዕውቅና ሰጪው ማየት ያለበት ይህንን ነው።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚመረቅ ሁሉ የመውጫ ፈተና መውሰድና ቢያንስ 50 በመቶ ማምጣት ይኖርበታል። ፈተናው በኮምፒዩተር የሚሰጥ የምርጫ ፈተና ነው። የግሉንም የመንግሥቱንም ተማሪ በአንድ ሚዛን ማስቀመጡ የተዛባውን አሠራር በመጠኑ አቃንቷል፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ፈተናው የሚመዝነው ተማሪውን እንጂ ፕሮግራሙን አይደለም። የክሩን መፈርፈር፣ የቡድን ሥራን፣ ለአንድ የሲናና ገበሬ ቤቱ ለምን እንደተሰነጠቀ በቋንቋው የማስረዳትን ችሎታ የምርጫ ጥያቄ አያገኛቸውም። ተማሪው ሲወድቅ መምህሩና ዲፓርትመንቱ የትኛው የመማር ግብ እንደተሳተ ለይተው በሚቀጥለው ዓመት ካላረሙት፣ የውድቀቱን ዋጋ የሚከፍለው ወጣቱ ብቻውን ይሆናል።

በዕውቅና አሠራር የዚህ እርማት ሰነድ የምርመራው እምብርት ነው። ፕሮግራሙ የራስ ግምገማ ይጽፋል፤ መርማሪዎቹ ሥፍራው ድረስ መጥተው የፈተና ወረቀት፣ የመመረቂያ ፕሮጀክትና የላብራቶሪ መዝገብ ያያሉ፣ ተማሪዎችን ያለ መምህር ያነጋግራሉ፤ የሚሰጠውም ዕውቅና ዘላቂ ሳይሆን በየጊዜው የሚታደስ ነው።

ልጁን ወደ ምህንድስና የሚልክ ወላጅ፣ የተቋሙን ፈቃድ ብቻ አይቶ አይመለስ። የዲግሪው የመማር ግቦች ተጽፈው እንደሆነ፣ ተማሪው በላብራቶሪ ውስጥ በገዛ እጁ ምን እንደሚሠራ፣ ባለፈው ዓመት ምን እንደታረመ ይጠይቅ። ዲፓርትመንቱም ይህን በወረቀት አስደግፎ የመመለስ ግዴታ አለበት።