ኬ-ሺ 95

ኬ-ሺ 95 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ ለሴንት ሉዊስ ከተማና ለአካባቢዋ በኤፍ ኤም 94.7 ሜጋኸርዝ የሚሰራጭ የክላሲክ ሮክ፣ ማለትም በአብዛኛው ከ1960ዎቹ እስከ 1980ዎቹ የተቀረጹ የሮክ ሥራዎችን የሚያሰማ፣ የሬዲዮ ጣቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1961 ክሬስትዉድ በተባለው የከተማዋ ዳርቻ፣ በመሥራቹ መኖሪያ ቤት ምድር ቤት ሥራ ሲጀምር ክላሲካል ሙዚቃ ያሰማ የነበረ ሲሆን፣ በተለይ ለሴቶች የታሰበ በመሆኑ የመጠሪያው ፊደላት በእንግሊዝኛ «እሷ» የሚለውን ቃል እንዲይዙ ተደርጓል፤ ስሙም ሙዚቃው ከተለወጠ በኋላ ሳይቀየር ቀርቷል።

ጣቢያው ፊቱን ወደ ሮክ ያዞረው በ1967 መገባደጃ ነው። በዚያው ዘመን የአገሪቱ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ በትልልቅ ከተሞች ያሉ የኤፍ ኤም ጣቢያዎች የኤ ኤም አቻዎቻቸውን ዝግጅት እንዳለ እንዳይደግሙ በመገደቡ፣ የድምፅ ጥራቱ ከፍ ያለው ነገር ግን አድማጭ ያጣው ኤፍ ኤም ለአዲስ ሙዚቃ ክፍት ሆኖ ነበር፤ አስተዋዋቂዎችም ለኤ ኤም ይረዝማሉ የሚባሉትን የአልበም ሥራዎች ሳይቆርጡ የማጫወት ዕድል አገኙ። ጥቁር መነጽርና የጆሮ ማዳመጫ ያደረገው አሳማ፣ «ስዊትሚት»፣ የጣቢያው መለያ ሆኖ ዛሬም ይታያል። ከሁሉ የሚልቀው የጣቢያው ልዩነት ግን፣ ዛሬ «ክላሲክ» ከሚላቸው ሥራዎች ብዙዎቹን ገና አዲስ ሳሉ ራሱ ለአድማጭ ያስተዋወቀ መሆኑ ነው።