ከወሎ እስከ ወሎ ሰፈር፦ በሥራ ላይ የተመሠረተ የቤተሰብ ዕርዳታ እንዴት ሲመዘን እንደኖረ

1. መግቢያ

ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስደው ጎዳና ወሎ ሰፈር ሲደርስ ወደ ጎተራ ከሚያመራው መንገድ ጋር ይገናኛል። በጎዳናው ዳር በተሠሩት ረጃጅም ሕንፃዎች የሚታወቀው ይህ ሰፈር በስሙ የሚያስታውሰው በአገሪቱ የረሀብ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ የሚነሣውን ክፍለ ሀገር ነው። ችግረኛ ቤተሰብ ለሚቀበለው ዕርዳታ በምትኩ እንዲሠራ የሚያደርገው የመንግሥት አሠራር አስቀድሞ በስፋት የተሠራበት በወሎና ወሎን በመሰሉ የገጠር አካባቢዎች ነበር። ወደ አዲስ አበባ የመጣው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በ2009 ዓ.ም. የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ሥራ ሲጀምር ከተመረጡት 11 ከተሞች መካከል የወሎዋ ደሴና አዲስ አበባ ይገኙበት ነበር።

በዚህ ረጅም ጉዞ የተለወጠው አሠራሩ ብቻ አይደለም፤ ውጤቱ የተመዘነበት ሚዛንና የተዘገበበት መንገድም አብሮ ተለውጧል። የአንድ መርሐ ግብር ሪፖርት የሚቆጥረው ነገር መርሐ ግብሩ ምን እንደ ሆነ የሚወስን በመሆኑ፣ የሚዛኑን ታሪክ በቅደም ተከተል መመልከት ለዕቅድ አውጪውም ለመምህሩም ይጠቅማል።

2. ያልተዘገበው ረሀብ

በ1965 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረሀብ ሕዝቡን እየጨረሰ ሳለ በይፋ አልተነገረም ነበር። በዚያው ዓመት ወደ ስፍራው የሄዱ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ያዩትን በፎቶግራፍ አስደግፈው በአዲስ አበባ አሳዩ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም ነገሩን ለዓለም ገለጠው። ይኸው ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ለውጡን ያመጡት ሌሎችም ብዙ ምክንያቶች ነበሩ። ሆኖም ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር መገንዘብ ይቻላል፤ ይኸውም የተራበ ቤተሰብን ቁጥር በጊዜው አለመናገር የሰው ሕይወት የሚያስከፍልና መንግሥትንም የሚያናጋ ጉዳይ መሆኑን ነው። የዕርዳታ ማስተባበሪያና መልሶ ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመውም ይኸው ረሀብ በቀሰቀሰው ድንጋጤ መካከል ነበር።

3. የሥራው ሚዛን

በ1970ዎቹ ዓመታት የዓለም ምግብ ፕሮግራም በሰጠው እህል በተራቆቱ ደጋማ ቦታዎች «ምግብ ለሥራ» የተባለው አሠራር ተስፋፋ። ለአንድ የሥራ ቀን የተመደበው ክፍያ 3 ኪሎ ግራም ስንዴና 120 ግራም የምግብ ዘይት ነበር። ገበሬው እርከን ሠራ፣ ችግኝ ተከለ፣ መንገድ ጠረገ። ሪፖርቶቹም በዚሁ ልክ ተጻፉ፤ የእርከኑ ርዝመት በኪሎ ሜትር፣ ችግኙ በቁጥር፣ የታደለው እህል በኩንታል ይመዘገብ ነበር።

ይህ ሚዛን ያለ ምክንያት የተመረጠ አልነበረም። እርከን ይታያል፣ ይለካል፤ ተቆጣጣሪም ሄዶ ሊያረጋግጠው ይችላል። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን አላሳየም። አንደኛው የተሠራው ሥራ ዘላቂ መሆን አለመሆኑ ነው። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በተደረገ ጊዜ በብዙ ቦታዎች ደኑ ተመነጠረ፣ እርከኑም ፈረሰ፤ ባለ መሬቱ ሥራውን የራሱ አድርጎ እንዳልቆጠረው የታወቀው ያን ጊዜ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ስንዴውን የተቀበለው ቤተሰብ ከዓመት ዓመት የነበረበት ሁኔታ ነው። ኪሎ ሜትር የሚቆጥር መዝገብ፣ ገበሬው በሬውን መሸጥ አለመሸጡን ሊናገር አይችልም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ፖሊሲ መሥራት የሚችል ሰው ዕርዳታ የሚያገኘው ሠርቶ እንዲሆን በግልጽ ደነገገ። ሆኖም ዕርዳታው በየዓመቱ ከሚቀርበው ጥሪ ጋር የሚመጣ፣ መጠኑም ጊዜውም የማይታወቅ ነበር። በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለዕርዳታ በተጋለጠ ጊዜ የአሠራሩ ጉድለት በገሐድ ታየ። ዕርዳታው የብዙ ሰው ሕይወት ቢያተርፍም ጥሪትን ማዳን አልቻለም፤ ቤተሰቡ ያለውን እየሸጠ ከአንዱ ድርቅ ወደ ሌላው ባዶ እጁን ይሻገር ነበር።

4. የቤተሰቡ ሚዛን

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔት ይህን ለማረም የታሰበ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ፣ ድርቅ ባይኖርም እንኳ ምግብ የሚጎድላቸው ሰዎች ታቀፉ። መሥራት የሚችለው ቤተሰብ ለእያንዳንዱ አባል በወር 5 ቀን ሥራ ተመደበለት፤ የቀን ክፍያውም በመጀመሪያ 6 ብር ነበር። አረጋውያን፣ ሕሙማንና ሌሎች መሥራት የማይችሉ ሰዎች በቀጥታ ድጋፍ እንዲረዱ ተደረገ። በዚያው ዓመት ሕንድም ለገጠር ቤተሰብ በዓመት 100 የሥራ ቀን የሚያረጋግጥ ሕግ ማውጣቷ፣ ጥያቄው የአንድ አገር ብቻ እንዳልነበረ ያመለክታል።

ከሁሉ ይልቅ አዲስ የነበረው የግምገማው ዘዴ ነው። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስና ዓለም አቀፍ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም በመተባበር ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ እየተመለሱ እነዚያኑ ቤተሰቦች ጠየቁ። ጥያቄው ስንት እርከን ተሠራ የሚል ሳይሆን፣ ቤተሰቡ በዓመት ስንት ወር ምግብ ጎደለው፣ ስንት ከብትስ ቀረው የሚል ሆነ።

የመጀመሪያው ዙር መልስ ተስፋ አስቆራጭ ይመስል ነበር፤ በአማካይ የታየው ለውጥ አነስተኛ ነበርና። ነገር ግን መረጃው ተለይቶ ሲመረመር፣ ከታቀደለት ክፍያ ቢያንስ ግማሹን ያገኘው ቤተሰብ በምግብ ዋስትና በአንዳንድ መለኪያዎች መሻሻሉ ተገኘ። ስለዚህ ጉድለቱ ከሐሳቡ ይልቅ በክፍያው አፈጻጸም ላይ ነበር። እስከ 2002 ዓ.ም. በተሰበሰበው መረጃ መሠረትም አምስት ዓመት ክፍያ ያገኙ ቤተሰቦች፣ አንድ ዓመት ብቻ ካገኙት ጋር ሲነጻጸሩ፣ የምግብ እጥረት ጊዜያቸው በ1.29 ወር አጥሯል። ይህ ለአንድ እናት አርባ ቀን ለሚጠጋ ጊዜ ልጆቿን ሳታስርብ አሳደረች ማለት ነው።

ግምገማው ደስ የማያሰኘውንም አልሸሸገም። ቤተሰቡ የሚያገኘው ምግብ ቢሻሻልም የሕፃናት መቀንጨር በመርሐ ግብሩ ምክንያት ስለ መቀነሱ ማስረጃ አልተገኘም። በልጆች ሥራ ረገድም የወንዶች ልጆች የእርሻ ሥራ ሰዓት መጠነኛ ቅነሳ ሲያሳይ፣ የሴቶች ልጆች ውጤት እንደ ዕድሜያቸው የተለያየ ሆነ። እናት ወደ ልማት ሥራ ስትወጣ የቤቱ ሥራ በማን ላይ ይወድቃል የሚለው ጥያቄ መነሣት የሚገባውም ከዚህ የተነሣ ነው።

በዚሁ ዘመን «ምረቃ» የተባለው ቃል በሪፖርቶች ውስጥ ገነነ። ምረቃ ማለት ቤተሰቡ ራሱን ችሎ ከመርሐ ግብሩ መውጣት ሲሆን ግቡ በራሱ የሚያስነቅፍ አልነበረም። ይሁን እንጂ የተመራቂ ቁጥር አስቀድሞ በዕቅድ ሲያዝ፣ ገና ያልጠና ቤተሰብ ከመዝገብ ይሰረዛል የሚል ሥጋት ያስከትላል። አሜሪካም በ1988 ዓ.ም. የቤተሰብ ድጎማን ከሥራ ጋር የሚያቆራኝ ሕግ ባወጣች ጊዜ፣ ከመዝገብ የወጡ ቤተሰቦች ብዛት እንደ ስኬት በሰፊው ይጠቀስ ነበር። ከመዝገብ መውጣትና ከድህነት መውጣት ግን አንድ አይደሉም።

5. የሰፈሩ ሚዛን

የከተማው መርሐ ግብር 604,000 ያህል ሰዎችን ለመድረስ የታቀደ ሲሆን፣ ከእነዚህ 84 በመቶው በሥራ፣ 16 በመቶው በቀጥታ ድጋፍ የሚታቀፉ ነበሩ። ወጪው 450 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሆኖ 300 ሚሊዮኑ በዓለም ባንክ፣ 150 ሚሊዮኑ በመንግሥት ተሸፈነ። ከአንድ ቤተሰብ በመጀመሪያው ዓመት እስከ አራት፣ በሁለተኛው እስከ ሦስት፣ በሦስተኛው እስከ ሁለት ሰዎች በወር አምስት አምስት ቀን እንዲሠሩ ተወሰነ። በመነሻው 60 ብር የቀን ክፍያ ሲሰላ ቤተሰቡ በወር ከ1,200 ብር ወደ 900፣ ከዚያም ወደ 600 ይወርዳል ማለት ነው። ከክፍያው 20 በመቶው በቁጠባ ይያዛል። ሥራውም መንገድ ማጽዳት፣ የጎርፍ መውረጃ መጥረግ፣ አረንጓዴ ቦታ ማልማትና የመሳሰለው ነበር።

በከተማ ድህነት ከጎዳና ሲመለከቱት አይታይም። ወሎ ሰፈርን በመኪና የሚያልፍ ሰው የሚያየው ሕንፃውን ነው፤ የማን ቤት ማታ እሳት እንዳልነደደበት የሚያውቀው ጎረቤት ነው። በመሆኑም ተጠቃሚዎቹ በመጀመሪያ በነዋሪዎች ኮሚቴ ተለይተው ኋላ በመጠይቅ እንዲጣሩ ተደረገ።

በአዲስ አበባ ሁሉንም ወረዳዎች በአንድ ጊዜ መጀመር ስላልተቻለ ቅደም ተከተላቸው በዕጣ ተወሰነ። ዕጣው ከአድልዎ የሚጠብቅ ከመሆኑም በላይ ለተመራማሪዎች ንጹሕ ማነጻጸሪያ ሰጠ። በ2016 ዓ.ም. የታተመው ጥናት ውጤት በመጀመሪያ ሲታይ ለትችት የሚመች ነበር፤ ተጠቃሚ ቤተሰቦች በግል ሥራ የሚያሳልፉት ጊዜ ቀንሷልና። በቤተሰብ ሚዛን ብቻ ቢመዘን ኖሮ «መርሐ ግብሩ ሰውን ከሥራ ያርቃል» ተብሎ በተዘገበ ነበር።

ነገሩ ግን በዚያ አያበቃም። ልብስ በማጠብ ወይም በቀን ሙያተኛነት የምትኖር ሴት በወር ጥቂት ቀን ለወረዳው ስትሠራ፣ በእነዚያ ቀናት ለግል አሠሪ የሚቀርበው የሰው ኃይል ያንሳል። አሠሪውም ሠራተኛ ለማግኘት ዋጋ ይጨምራል። ብዙ ሰው ከሚኖርበት ሰፈር ወጥቶ በሌላ ሰፈር ስለሚሠራ፣ ጭማሪው ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው ይዛመታል። ጥናቱ መርሐ ግብሩ በከተማዋ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ የግል ሥራ ደመወዝ በ18.6 በመቶ እንደሚያድግ አስልቷል። የደመወዙ ዕድገትና የሰፈሩ ጽዳት አብረው ሲቆጠሩ ለድሆች የተገኘው ጥቅም፣ በቀጥታ ክፍያው ብቻ ከሚታየው ስድስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ጉድለት የመሰለው ነገር የጥቅሙ ምንጭ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የተተካው መርሐ ግብር ወደ 83 ከተሞች እንዲሰፋ ተደርጓል።

6. መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተመለከተው ሚዛኑ ከዝምታ ወደ ኪሎ ሜትር፣ ከኪሎ ሜትር ወደ ቤተሰብ፣ ከቤተሰብ ወደ ሰፈር ተሻግሯል። በእያንዳንዱ ደረጃ የቀድሞው ሪፖርት ሐሰት ሆኖ አልተገኘም፤ ነገር ግን ያልቆጠረው ነገር ከቆጠረው ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ዕቅድ አውጪው ሪፖርት ሲቀርብለት አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ የተቆጠረው ስንት ነው ብቻ ሳይሆን፣ ያልተቆጠረው ምንድን ነው ብሎ ነው።

ለትምህርት ሰዎች ደግሞ ያልተዘጋ አንድ ጥያቄ ይቀራል። የወረዳው መዝገብ የሥራ ቀንንና ክፍያን ይይዛል፤ የመምህሩ የስም መጥሪያ ደግሞ የልጁን መገኘትና መቅረት ይይዛል። ክፍያ የዘገየበት ወርና ልጅ ከክፍል የቀረበት ወር አንድ መሆን አለመሆናቸው የሚታወቀው ሁለቱ መዝገቦች ጎን ለጎን ሲነበቡ ነው። ይህ ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ ጥናት አይደለም፤ ወረዳውና ትምህርት ቤቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው።