ዋስ ያጣ ሰው፦ ከቁራኛ እስከ ጊዜ ቀጠሮ



በወንጀል ፍትሕ ታሪክ ብዙ የተጻፈው ስለ ቅጣት ነው። እኔ ዛሬ የምናገረው ከቅጣት በፊት ስላለው ጊዜ ነው። ሰው ተጠርጥሮ ከተያዘበት ሰዓት አንሥቶ ፍርድ እስኪሰማ ድረስ የሚያልፈው ጊዜ በሕግ መጻሕፍት ውስጥ ጥቂት አንቀጾችን ብቻ ይይዛል፤ በሰው ሕይወት ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ ከቅጣቱ ይበልጣል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ማንኛውም የፍትሕ ሥርዓት ሊመልሰው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይህ ሰው ቢለቀቅ ተመልሶ ለመምጣቱ መተማመኛው ምንድን ነው? አገራችን ለዚህ ጥያቄ በየዘመኑ የተለያየ መልስ ሰጥታለች። መልሱ ሲለዋወጥ ሸክሙ የሚወድቅበት ሰው ግን እምብዛም አልተለወጠም። ያም ሰው ዋስ ያጣው ነው።

ደመወዝ የሚከፈለውና የደንብ ልብስ የለበሰ ፖሊስ ባልነበረበት ዘመን ሰውን የሚያስቆመው ቃል ነበር። «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው ባለበት መቆም ነበረበት፤ ቃሉን የሚናገረውም ሹም መሆን አያስፈልገውም ነበር። ተካሳሾቹ በመንገድ ያገኙትን ሰው ዳኛ አድርገው ነገራቸውን ያሰሙ ነበር፤ በዚያ ካልተቋጨ ወደ ሹም፣ ከሹም ወደ ላይ ይሄዳል። ነገሩ በቀጠሮ እንዲያድር ሲደረግ ግን ዋስ መጥራት ግድ ነበር። እዚህ ላይ ዋስ ማለት ገንዘብ አይደለም። ዋስ ሰው ነው፤ ርስቱ የታወቀ፣ ስሙ በአካባቢው የሚጠራ፣ ዋስ የሆነለት ሰው ቢጠፋ እርሱ ራሱ የሚጠየቅ ሰው ነው። ተከሳሹ ተመልሶ የሚመጣው ዋሱን ላለማሳፈርና ላለማስበላት ነው። መንግሥት ሰፊ እስር ቤት ሳያሠራ፣ ጠባቂም ሳይቀጥር ሥራው የሚሠራለት በዚህ መንገድ ነበር። ዛሬም «ዋስ ጠበቃ የሌለው» ስንል ስለ ፍርድ ቤት እያሰብን አይደለም፤ በዓለም ላይ ስለ እርሱ የሚናገርለት ሰው የሌለውን ማለታችን ነው።

ዋስ ያጣውስ? እርሱ በቁራኛ ይያዛል። በቀላል ነገር የከሳሽና የተከሳሽ ነጠላ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠራል፤ በዕዳና በከባድ ነገር ግን ሁለቱ በሰንሰለት እጅ ለእጅ ይታሰራሉ። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። የ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ተጓዦች በፎቶግራፍ ያስቀሩት ይህ ሥርዓት ለዛሬ ተመልካች አስቂኝ ይመስላል። ቃሉ ግን አልሞተም፤ በሕመም ከተኛበት መነሣት ያቃተውን ሰው «የአልጋ ቁራኛ» እንለዋለን። በዚህ አነጋገር ውስጥ የታሰረው ሰውዬው ብቻ አይደለም፤ አልጋውና ሰውዬው እርስ በርስ ተያይዘዋል።

እኔ ቁራኛን በማጠናበት ጊዜ ሁልጊዜ የሚያቆመኝ ይኸው ነጥብ ነው። የሰንሰለቱ አንደኛው ጫፍ ያለው በከሳሹ እጅ ላይ ነው። ሰውን ያስያዘ ሰው የራሱንም ነጻነት ያስይዛል፤ እርሻው ይታጎላል፣ ቤቱ ይዘጋል። ስለዚህ ነገሩ እንዲፋጠን የሚፈልገው ተከሳሹ ብቻ አልነበረም። በዘመናዊው ሥርዓት የጠፋው ይህ ይመስለኛል። ዛሬ ሰውን የሚያስረው አካል በመዘግየቱ የሚያጣው ነገር የለም። መርማሪው ማታ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ዐቃቤ ሕጉም ይሄዳል፣ ዳኛውም ይሄዳል። ጊዜው የሚቆጠረው በአንድ ወገን ላይ ብቻ ነው።

ይህን ስል ያለፈውን ማሞገሴ እንዳይመስላችሁ። በሕዝብ የሚደረገውን ምርመራ፣ አፈርሳታን ወይም አውጫጭኝን፣ እንመልከት። ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሰው በሙሉ ተጠርቶ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪገለጥ ድረስ መሄድ አይፈቀድለትም፣ የቀረ ይቀጣል፣ ጥፋተኛው ካልተገኘም ካሳው በነዋሪው ላይ ይወድቃል። ምስጢሩን የሚያወጣው ሰው ማንነቱ ተሸፍኖ «ወፍ» ይባላል። አካባቢው ሁሉ የአካባቢው ዋስ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ራሳችሁን በዚያ ሜዳ ላይ አስቀምጡት። ቀኑ እየመሸ ነው፣ እህሉ ያልታጨደ ነው፣ ከተሰበሰበው መካከል አንዱ ከሌላ አገር የመጣ፣ ዘመድ የሌለው ነው። ወፏ የማንን ስም ልትጠራ ትችላለች? ባሪያው፣ አገልጋዩ፣ ዘመድ አልባዋ ሴት፣ በእጅ ሥራው የተናቀው ሸክላ ሠሪና አንጥረኛ፣ እነዚህ ሁሉ ዋስ ለመጥራት የሚበቃ ስም አልነበራቸውም። ሥርዓቱ ለሚተዋወቁ ሰዎች የተሠራ ነበር፤ ለማይታወቅ ሰው ጨካኝ ነበር።

ከነጻነት መመለስ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የዳኝነት አስተዳደርና የፖሊስ አዋጆች በነጋሪት ጋዜጣ ታወጁ። ጥበቃና ምርመራ የመንግሥት ደመወዝተኛ ሥራ ሆነ። በ1949 ዓ.ም. የስዊሱ የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ፤ በጥቅምት 1954 ዓ.ም. ደግሞ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከተለው። ከ60 ዓመት በላይ ፍርድ ቤቶቻችን ሲገለገሉበት የቆየው ይህ ሕግ ለዛሬው ጉዳያችን ሦስት ነገሮችን ደነገገ። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ አለ። ወንጀሉ ሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የማያስቀጣ ከሆነ በዋስ ሊለቀቅ ይችላል አለ፤ ዳኛው የዋስትናውን መጠን ሲወስን የተያዘውንና የዋሶቹን አቅም እንዲመለከትም አዘዘ። በመጨረሻም ምርመራው ካላለቀ ፖሊስ ተጨማሪ ጊዜ መጠየቅ እንደሚችል፣ ፍርድ ቤቱም በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን የበለጠ መፍቀድ እንደማይችል በአንቀጽ 59 ጻፈ።

«በአንድ ጊዜ» የሚለውን ሐረግ ልብ በሉት። ስንት ጊዜ እንደሚፈቀድ አልተጻፈም። የአርቃቂዎቹ ሐሳብ ዳኛው በየ14 ቀኑ መዝገቡን ከፍቶ «ምን ሠራችሁ? ምን ቀራችሁ?» ብሎ እንዲጠይቅ ነበር ብዬ እገምታለሁ። የተለመደው ግን ሌላ ነው። «ቀሪ ምስክሮች አሉን፣ የተጠርጣሪው ግብረ አበሮች አልተያዙም፣ ማስረጃ ከተቋማት እያሰባሰብን ነው» የሚሉት ሦስት ዐረፍተ ነገሮች የችሎት ጸሎት እስኪመስሉ ድረስ ይደጋገማሉ። በሕግ ቋንቋ ልዩ ሁኔታ የነበረው በልማድ መደበኛ ሆነ። «ጊዜ ቀጠሮ» የሚለው ስያሜ ራሱ፣ ሰዎች እንደሚናገሩት፣ የእስር ሌላ ስም ሆኗል።

የሥነ ሥርዓት ሕጋችን በወጣበት በዚያው ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1961፣ በኒው ዮርክ ከተማ ተመሳሳዩን ጥያቄ በሙከራ ለመመለስ የተነሡ ሰዎች ነበሩ። እዚያ ዋስ ከሰው ወደ ገንዘብ ፈጽሞ ተለውጦ ነበር፤ ገንዘብ ያለው ይወጣል፣ የሌለው ይቀራል። ሉዊስ ሽዋይትዘር የተባለ ባለሀብት የብሩክሊንን ማቆያ ቤት ጎብኝቶ ጥፋታቸው ያልተረጋገጠ ወጣቶች በድህነታቸው ብቻ ታስረው ማየቱ አስደነገጠው። ከኸርበርት ስተርዝ ጋር ሆኖ ቬራ የተባለውን ተቋም መሠረተ። የሕግ ተማሪዎች የተያዙትን ሰዎች እየቀረቡ ጠየቁ፤ ሥራ አለህ? የምትኖረው የት ነው? ከማን ጋር? ከዚህ በፊት ተፈርዶብሃል? ለመልሱ ነጥብ ተሰጠ። በቂ ነጥብ ያገኙት በሁለት ተከፈሉ፤ ለአንደኛው ወገን «ያለ ገንዘብ ይለቀቅ» የሚል ሐሳብ ለዳኛው ቀረበ፣ ለሌላው አልቀረበም። ሐሳብ ከቀረበላቸው ወደ 60 ከመቶ የሚሆኑት ተለቀቁ፤ ካልቀረበላቸው መካከል በዚያ መንገድ የተለቀቁት ከ20 ከመቶ በታች ነበሩ። በቃላቸው ብቻ ከተለቀቁት ውስጥ በቀጠሯቸው ሳይቀርቡ የቀሩት ከ2 ከመቶ አይበልጡም። እ.ኤ.አ. በ1966 የፌደራል መንግሥቱ የዋስትና ሕግ የተሻሻለው ከዚህ ሙከራ ተነሥቶ ነው።

እንግዲህ ኒው ዮርክ በነጥብና በሠንጠረዥ ያገኘችውን ነገር የእኛ ባላገር ያለ ሠንጠረዥ ያውቀው ነበር፤ ሰውን መልሶ የሚያመጣው ያስያዘው ገንዘብ ሳይሆን የተያያዘው ሰው ነው። ሆኖም ያ ሠንጠረዥም የራሱ ባዳ ነበረው። ቋሚ አድራሻ የሌለው፣ ከቤተሰቡ የተለየ፣ ሥራው የቀን የሆነ ሰው ነጥቡ አይሞላም። ዛሬ በአሜሪካ ብዙ ክርክር የሚደረግባቸው በኮምፒውተር የሚሰሉ የሥጋት መመዘኛዎች የዚያ ሠንጠረዥ ልጆች ናቸው። ኒው ጀርሲ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በገንዘብ መያዣ የሚሰጠውን ዋስትና ከሞላ ጎደል ትታ ወደዚህ ዓይነት መመዘኛ ዞራለች፤ ኢሊኖይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 የገንዘብ ዋስትናን ጨርሳ አስቀርታለች።

እስሩ ራሱ በፍርዱ ላይ ምን ያደርጋል ለሚለው ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2018 ዊል ዶቢ፣ ጄከብ ጎልዲንና ክሪስታል ያንግ ያወጡት ጥናት ጠቃሚ ነው። በፊላዴልፊያና በማያሚ የዋስትና ዳኞች ለተከሳሾች የሚደርሱት በአጋጣሚ ነው፤ አንዱ ለቃቂ ነው፣ ሌላው አሳሪ። ተመራማሪዎቹ ይህን አጋጣሚ ተጠቅመው የሚመሳሰሉ ተከሳሾችን አነጻጸሩ። የታሰሩት ጥፋተኛ የመባል ዕድላቸው ጨመረ፤ የጨመረውም በዋናነት ጥፋታቸውን በማመናቸው ነው። ከዚያ በኋላም በመደበኛ ሥራ የመቀጠር ዕድላቸው ቀነሰ። ታሳሪው ተከራክሮ ለመውጣት ከሚወስድበት ጊዜ ይልቅ አምኖ የሚወጣበት ሲያጥር፣ ማመን የእውነት ምልክት መሆኑ ይቀራል። ይህን ለመረዳት የማያሚን መዝገብ ማንበብ ግድ አይደለም፤ በየትኛውም የአገራችን ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ስንቅ ይዛ የቆመች እናት ትነግራችኋለች።

ወደ አገራችን እንመለስ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዙ ሰዎች በዋስ የመፈታት መብት እንዳላቸው ደነገገ፤ የሚከለከሉት በሕግ በተመለከቱ ልዩ ሁኔታዎች ብቻ ነው አለ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ልዩ ሁኔታዎቹ እየሰፉ የሄዱበት ታሪክ ነው። በ1993 ዓ.ም. በሙስና ተጠርጥረው የተያዙ ሰዎች በዋስ እንዳይለቀቁ የሚከለክል አዋጅ፣ ፍርድ ቤት በጉዳዩ ላይ እየተከራከረ ሳለ ወጣ፤ ክልከላው በኋላ በ1997 ዓ.ም. ከ10 ዓመት በላይ በሚያስቀጡ ወንጀሎች ተወስኗል። የ2001ዱ የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ አንዱ ጊዜ ቀጠሮ ከ28 ቀን እንዳያንስ አዘዘ። ዳኛ እስርን የሚያሳጥርበትን ሥልጣን ወስዶ ዝቅተኛውን ወለል በሕግ ማንጠፍ እንግዳ ነገር ነው። ነገር ግን ይኸው አዋጅ በአጠቃላይ ከ4 ወር መብለጥ አይቻልም ይል ነበር። አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል፤ የሚገርመኝ ግን የከበደው ሕግ ጣሪያ ሲኖረው፣ ለተራው የስርቆትና የድብድብ ተጠርጣሪ የሚሠራው አንቀጽ 59 ጣሪያ ሳይኖረው መኖሩ ነው።

ዋስትና የተፈቀደለት ሰውም ቢሆን ገና አልወጣም። ዛሬ ዋስ የሚባለው ምንድን ነው? የመሥሪያ ቤት የደመወዝ ማስረጃ፣ የቤት ካርታ፣ የመኪና ሊብሬ፣ ወይም በጥሬ ገንዘብ የሚያዝ ብር ነው። ከወሎ ወይም ከወላይታ መጥቶ በአዲስ አበባ የግንባታ ሥራ ላይ የሚውል ወጣት አብረውት የሚኖሩ አምስት ጓደኞች አሉት፤ ለእርሱ ምስክር የሚሆኑ፣ የት እንዳለ ሁልጊዜ የሚያውቁ ናቸው። ከአምስቱ አንዱም ካርታ የለውም። በቀድሞው ሥርዓት ርስት ስለሌላቸው ዋስነታቸው አይታመንም ነበር፤ ዛሬም አይታመንም። ልዩነቱ፣ በቁራኛው ዘመን ከሳሹ አብሮት ይታሰር ነበር።

ስለዚህ በዚህ አዳራሽ ላሉ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለሚፈልጉ ተማሪዎች አንድ ሥራ ልተው። በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የአንድ ዓመት የጊዜ ቀጠሮ መዝገቦችን በፈቃድ አውጡ። አራት ነገር ቁጠሩ፤ ለአንድ ተጠርጣሪ ስንት ጊዜ 14 ቀን እንደተፈቀደ፣ በየጊዜው ፖሊስ የሰጠው ምክንያት ከቀድሞው የተለየ መሆን አለመሆኑን፣ የተጠየቀው ዋስ ምን ዓይነት እንደነበረ፣ ዋስትና ተፈቅዶለት ዋሱን ያላቀረበው ስንቱ እንደሆነ። አራተኛውን ቁጥር ከሌሎቹ ለይታችሁ ያዙት። የመጨረሻው ትእዛዝ «በዋስ ይለቀቅ» በሚልበት መዝገብ ላይ፣ ከትእዛዙ ቀጥሎ ያለው ገጽ ባዶ ከሆነ፣ ሰውዬው አሁንም በማረፊያ ቤቱ ውስጥ ነው።