ባህል ከነሥርዐቱ

የአንድ ሕዝብ ባህል ድንበር ተሻግሮ እንግዳ ሲሆን ከሁለት ዕጣዎች አንዱ ይደርሰዋል። ከነሥርዐቱ ከሄደ ይከበራል፤ ሥርዐቱን ጥሎ ከሄደ መታያ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ለዚህ አባባል የጃፓን ሕዝብ የአበባ አደራደር ጥበቡንና ኪሞኖውን ለባዕድ ያስተዋወቀበት ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ኢኬባና የተባለው የአበባ ጥበብ የመነጨው በቡድሃ መሠዊያ ፊት ከሚቀርበው አበባ ነው። በኪዮቶ ከተማ ከሮካኩዶ ቤተ መቅደስ ካህናት የወጣው የኢኬኖቦ ትምህርት ቤት ከ15ኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ ይታወቃል። በልማዳዊው አደራደር ሦስቱ ዋና ቅርንጫፎች የሰማይ፣ የሰውና የምድር ምሳሌ ናቸው። ኪሞኖም የራሱ ሕግ አለው። የግራው ጠርዝ በቀኙ ላይ ይደረባል፤ በተቃራኒው የሚለብሰው የሚገነዝ ሬሳ ነው። እንግዲህ ጨርቁን ብቻ ገዝቶ ወደ አገሩ የተመለሰ መንገደኛ ሳያውቅ በሙት አለባበስ ከግብዣ ሊቀመጥ ይችላል።

ስለዚህ አበባው ያለ መምህር አልተሰደደም። በጃፓን ይኖር የነበረው እንግሊዛዊ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ጆሳያ ኮንደር የጥበቡን ደንብ በ1891 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳተመ። በ1956 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ የተመሠረተው ኢኬባና ኢንተርናሽናል ደግሞ የልዩ ልዩ ትምህርት ቤቶችን ተማሪዎች አሰባስቦ ቅርንጫፎቹን በብዙ አገሮች ዘረጋ።

ጃፓንን ለአገራችን አንባቢ በማስተዋወቅ ረገድ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ድርሻ ከፍ ያለ ነው። በ1924 ዓ.ም. ያችን አገር ጎብኝተው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ጻፉ። መጽሐፉ ወደ ጃፓንኛ በመተርጐሙም እንግዳው ያየውን ባለቤቱ መልሶ አነበበው።

ዛሬ ተመሳሳይ ጥያቄ በአዊ ምድር፣ በእንጅባራ ሜዳ ላይ ቆሞ እናገኘዋለን። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የዐድዋ አርበኞችንና ፈረሶቻቸውን እየዘከረ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። ጉግሱንና ግልቢያውን ለማየት እንግዳ ከሩቅ ይመጣል፤ ፎቶግራፍ አንሥቶም ይመለሳል። ነገር ግን ፈረስ የሚገራበት ስልት፣ ኮርቻና ግላስ የሚሠራው እጅ፣ ፈረሰኛው በሠርግና በሐዘን የሚያገኘው ስፍራ በፎቶግራፍ አይታዩም። ሽማግሌው ሲያልፍ አብረውት የሚያልፉ ዕውቀቶች ናቸው።

የእንጅባራና የዳንግላ መምህራን እነዚህን ስሞችና ሥርዐቶች ከነባለሙያዎቹ አንደበት በአዊኛና በአማርኛ ቢጽፏቸው፣ የኪነት ሰዎች በሥራቸው ቢያሳዩአቸው፣ የባህል ሹማምንትም ለኮርቻ ሠሪውና ለፈረስ ገሪው የማስተማሪያ ቦታ ቢሰጧቸው፣ እንግዳው ከፎቶግራፉ ጋር ትምህርትም ይዞ ይመለሳል። ከእንግዳው አስቀድሞ የሚማረው ግን የአካባቢው ልጅ ነው።